ወንድሜን ያሳሰረው የሒሳብ ፊልም

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሌም የሚቀድመው ጥያቄ «ፊልሙ ላይ ምን ነበረ?» የሚል ነው። «ሒሳብ» ስላቸው ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም ያ ቀን ከመድረሱ በፊት ሰምቼው ቢሆን እስቅ ነበር።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። ሠላሳ ዓመቴን አልፌያለሁ፤ አላገባሁም፤ ሥራዬን በሥርዓቱ እሠራለሁ። ሒሳብ ግን ለእኔ ያለቀለት ነገር ነበር። ሌሎች ሰዎች ድሮ ሠርተው ጨርሰውታል፤ የእኔ ድርሻ ከመጽሐፉ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ ተማሪዎቹ ደብተር ማሻገር ነው ብዬ አምን ነበር። ደወል ሲደወል ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ፤ በቃ።

ታናሽ ወንድሜ ፋንታሁን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። የተወለድነውም ያደግነውም አንኮበር ነው፤ እናታችን ያኔ እዚያው አጠገብ ጎረቤላ ትኖር ነበር። ፋንታሁን መንግሥት ልኮት ምሥራቅ ጀርመን ሒሳብ ሲማር ዓመታት አልፈዋል። ለእረፍት ሊመጣ ሲል በሰው የላከልኝ መልእክት፣ «አንድ የሠራሁትን ነገር ይዤልሽ እመጣለሁ። በቃል ብነግርሽ አይገባሽም፤ የትምህርት ቤታችሁን የፊልም ማሳያ አዘጋጂልኝ» የሚል ነበር። እኔም አዘጋጀሁ። ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሬ አውቶቡስ ተራ ቆሜ መጠበቅ ያዝኩ።

አውቶቡሱ መጣ። ሰዉ ወረደ። ፋንታሁን የለም። ግራ ገብቶኝ በመስኮቶቹ ውስጥ ሳይ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ በኋላ እንደነገሩኝ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው።

«ልጄ፣ ከአውሮፓ የመጣ ልጅ ነው የምትጠብቂው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ ወንድሜ ነው። ምነው?»

ዙሪያቸውን ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ላይ አውርደውታል። ሻንጣው ውስጥ ፊልም አገኙበት። ወታደሩ ፊልሙን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ሲያየው ጊዜ ሌሎቹን ጠራቸው። ከጎኔ ነበር የተቀመጠው፤ መንገዱን ሙሉ ስለ እናቱ ሲያጫውተኝ ነበር። አላህ ያውጣው፣ ልጄ። ሂጂ፣ ቶሎ ድረሺ።»

እንዴት ኬላው እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከንፋሱ ጋር እየታገልኩ ስሮጥ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወድቆ ያነሳልኝ ሰው «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ነጠላውን ነጥቄ መሮጤን ነው።

ከኬላው አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለች። ፋንታሁን ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ጃኬቱን አስወልቀውታል። አንድ ሻምበል መስኮቱ ዘንድ ቆሞ የፊልሙን ክር በጣቶቹ እየሳበ በማጉያ መነጽር ያያል። ጠና ያለ፣ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ እጦት የቀሉ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል፤ አጠገቡም ከሻንጣው የወጣ፣ ከሥሩ ቁጥር የተደረደረበት ፎቶግራፍ በመዝገብ መያዣ ውስጥ አለ።

«እህቱ ነኝ» አልኩ። «እዚህ ከተማ የሒሳብ መምህርት ነኝ።»

«መምህርት? ጥሩ። ነይ እስቲ እዪ።»

ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ያዘልኝ። በማጉያው ውስጥ አየሁ። ደነገጥኩ። ትንሿ ምስል ውስጥ ገደል አለ፤ ሸንተረር ከሸንተረር እየተገነጠለ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በመሐሉ ወንዝ የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይጠማዘዛሉ። ከአውሮፕላን የተነሳ ይመስላል። ሻምበሉ ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ከአንኮበር በታች ያለው ገደል ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ደግሞ ይኸው። መታወቂያው ላይ የትውልድ ቦታ ምን ይላል? አንኮበር! አሁን የአንኮበርን ገደል ፎቶ ከውጭ ይዞ የሚመጣው ለማን ነው? ለወንበዴ ካልሆነ ለማን ነው?»

«ገደል አይደለም ጓድ ሻምበል» አለ ፋንታሁን።  «ስነግርዎት ቆየሁ። ሒሳብ ነው። በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕል ነው።»

«ሒሳብ ገደል አለው እንዴ?»

«አለው።»

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ መምህርቷ፣ ሒሳብ ገደል እንዳለው አስተምረሽ ታውቂያለሽ?»

 ወንድሜ ወደ እኔ እያየ ማስረዳት ጀመረ፤ ለሻምበሉ ሳይሆን ለእኔ ነበር የሚያስረዳው።

«እታለም፣ ስሚኝ። አንድ ቁጥር ውሰጂ። ራሱን በራሱ አባዢው፤ መነሻውን ቁጥር ደምሪበት። የወጣውን እንደገና ራሱን በራሱ አባዢ፤ ያንኑ መነሻ ደምሪበት። እንዲህ እያልሽ ቀጥዪ። አንዳንዱ ቁጥር እያደገ እያደገ ይሸሻል፤ አይያዝም። አንዳንዱ ደግሞ የቱንም ያህል ብትቀጥዪ እዚያው አካባቢ ይቀራል። የቀረውን ጥቁር ቀቢው፤ የሸሸውን እንደ አሸሻሹ ፍጥነት ቀለም ስጪው። ሥዕሉ በቃ ይሄ ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

«ቁጥር በመስመር ላይ ነው የሚሰለፈው፤ ይሄ ግን ሜዳ ሙሉ ነው» አልኩት።

«ከመስመሩ ውጪ ላሉት ነጥቦች ቁጥሩ ጥንድ ይሆናል፤ አበዛዙ ትንሽ ይለያል። መሐለኛው መስመር ላይ ላሉት ግን ተራ ቁጥር ይበቃል።»

ሻምበሉ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «በቃ! ማሳያ የት ነው ያለው?»

«ትምህርት ቤት» አልኩ። «ለዛሬ ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ።»

በወታደር መኪና ወሰዱን። የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንን። ቀኑ ከውጭ ቦግ ብሎ ሳለ ውስጡ እንደ ዋሻ ጨለመ። አራት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሻምበሉ፣ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ፋንታሁንና እኔ። ፋንታሁን ፊልሙን በማሽኑ ውስጥ አሾለከ።

መጀመሪያ ድፍን ሰማያዊ መጣ። በሰማያዊው መሐል አንድ ጥቁር ቅርጽ ተቀምጧል። በጎኑ የተኛ ልብ ይመስላል፤ ልቡ ላይ ክብ ራስ ተቀጥሎበታል፤ ራሱ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ። ዙሪያውን ጥቃቅን እባጮች ወጥተውበታል።

«ጥንዚዛ ነው እንዴ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

 መቅረብ ጀመርን። ልቡና ራሱ የሚገናኙበት ስንጥቅ አለ፤ ወደዚያ ገባን። ከሩቅ ለስላሳ የመሰለኝ ጠርዝ ስንቀርበው ለስላሳ አልነበረም፤ ጥርስ አለው። ጥርሶቹን ስንቀርባቸው ጥርስ አልነበሩም፤ እንደ ሙክት ቀንድ የተጠቀለሉ ወርቃማ ጥምዝምዞች ናቸው። አንዱን ቀንድ ስንቀርበው በላዩ ሌሎች ቀንዶች ተደርድረዋል። በቀንዶቹ መሐል መብረቅ የመሰሉ ነጭ ክሮች ተዘርግተዋል፤ ክሩን ስንቀርበው ክር አይደለም፤ በራሱ ጥልፍ የተሞላ አገር ነው። እየቀረብን አላበቃ አለ። የምወድቅ መሰለኝና የወንበሬን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። ድምፅ የሌለው ፊልም ነው፤ የሚሰማው የማሽኑ መንኳኳት ብቻ ነበር።

«ካሜራውን ምን ላይ ጭነኸው ነው እንዲህ የሚጠጋው?» አለ ሻምበሉ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ካሜራው አልተንቀሳቀሰም» አለ ፋንታሁን። «የተጠጋው ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱን ምስል ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ያሰላዋል፤ እኛ ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ፎቶ እናነሳለን። ለዚህች አጭር ፊልም ክረምቱን ሙሉ ፈጅተናል።»

ያኔ ነው የማልረሳው ነገር የመጣው። ከጥምዝምዞቹ ሁሉ መሐል፣ ከታች፣ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ታየች። ቀረብናት። አደገች። በጎኗ የተኛች ልብ፣ የተቀጠለባት ራስ፣ ራሷ ላይ ትንሽ ክብ፣ ዙሪያዋን እባጭ! ሻምበሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይሄማ ያው ነው! ተመለስን እንዴ?»

«አልተመለስንም ጓድ ሻምበል። ወደ ውስጥ እየሄድን ነው። ይቺ ሌላ ናት። የመጀመሪያውን ቅርጽ አሁን ባለንበት መጠን ብናሳየው ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለው ምድር አይበቃውም።»

ሃምሳ አለቃው አማተበ። እኔ አልቅሼ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ፊቴን ስዳስስ ነው። ማባዛትና መደመር! ለዓመታት በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው ይሄን ሁሉ ያዘሉት? ማን ነው ያልነገረኝ?

ፊልሙ ትንሿን ቅርጽ አልፎ ጠርዟን ይዞ ቀጠለ፤ ወዲያው ያ ገደል መጣ። ሸንተረሩ፣ ወንዝ መሳዩ መስመር።

«አቁመው!» ብሎ ጮኸ ሻምበሉ።

«ካቆምኩት ይቃጠላል፤ መብራቱ…»

«አቁመው አልኩህ!»

ፋንታሁን አቆመው። ሻምበሉ ካርታውን ይዞ ወደ ሸራው ተራመደ። ሁለት እርምጃ እንኳን አልሄደም፤ የገደሉ መሐል ቡናማ ሆነ፤ ተኮማተረ፤ ነጭ ቀዳዳ ሆኖ ተስፋፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ፋንታሁን መብራቱን አጠፋ።

ሻምበሉ ቀስ ብሎ ዞረ። «አቃጠልከው።»

«እርስዎ ነዎት አቁም ያሉኝ…»

«ሌላውን ሁሉ አሳየኸኝና ያቺን አቃጠልካት። ማስረጃዋን!» ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ። «አውጣው። መኪናው ዘንድ ይሁን።»

ወንድሜን ክንዱን ይዞ አወጣው። በሩ ሲዘጋ አንድ ነገር በውስጤ ተቆረጠ። ከዚያ የተናገርኩት ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም።

«ጓድ ሻምበል፣ ሒሳብ ከሆነ ይፈተናል።»

«ምን?»

«ከፊልሙ ጋር ያለው ፎቶግራፍ የመጀመሪያው ቅርጽ ነው፤ ከሥሩ ቁጥር ተጽፎበታል። ለእኔ አያሳዩኝ። እርስዎ መሐለኛው መስመር ላይ አንድ ቦታ ይምረጡና ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ። ቦታው ጥቁር ይሁን ባለቀለም እኔ እዚህ ሰሌዳ ላይ አስልቼ እነግርዎታለሁ። የመሬት ካርታ ቢሆን ለማባዛትና ለመደመር አይታዘዝም። ወንድሜ ዋሽቶ ከሆነ እሳሳታለሁ።»

«ከተሳሳትሽስ?»

«እኔንም ይውሰዱኝ።»

 ሻምበሉ ከአንዱ መስኮት ብርድ ልብሱን ገፈፈውና ፎቶግራፉን ከመዝገብ መያዣው ጀርባ ሸፍኖ ያዘ።

«አንድ» አለ።

ጻፍኩ። አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ፣ አንድ ሲደመርበት ሁለት። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሃያ ስድስት። «ሸሽቷል። ባለቀለም ነው።»

ፎቶግራፉን አየና ቀጠለ። «ኔጌቲቭ አንድ።»

ኔጌቲቭ አንድ በራሱ ሲባዛ አንድ፤ ኔጌቲቭ አንድ ሲደመር ዜሮ። ዜሮ ሲባዛ ዜሮ፤ ኔጌቲቭ አንድ ሲደመር ኔጌቲቭ አንድ። ዜሮ፣ ኔጌቲቭ አንድ፣ ዜሮ፣ ኔጌቲቭ አንድ። «የትም አይሄድም። ጥቁር ነው።»

«እነዚህ ቀላል ናቸው» አለ። ፎቶግራፉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ጣቱን ቀስ አድርጎ አንሸራተተና አቆመው። «ዜሮ ነጥብ ሦስት።»

ዜሮ ነጥብ ሦስት ጻፍኩ። ቀጥሎ ዜሮ ነጥብ ሦስት ዘጠኝ ወጣ። ከዚያ ነጥብ አራት አምስት። ነጥብ አምስት ዜሮ። ነጥብ አምስት አምስት። ዳዴ ይላል እንጂ አይሮጥም። ነጥብ ስድስት አንድ። ጠመኔው በላቤ ረጥቦ ይንሸራተታል።

«ቆመ አይደል?» አለ ሻምበሉ ከኋላዬ፤ ቀስ ብሎ። «ጥቁር ነው በይኛ።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም ሰው እዚያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ቢሆን «ጥቁር ነው» ይል ነበር። ግን ጭማሪውን አየሁት፤ ትንሽ ሆኖ ቆይቶ መልሶ እየሰፋ ነው።

«አልጨረስኩም» አልኩ።

ነጥብ ስድስት ሰባት። ነጥብ ሰባት አምስት። ነጥብ ስምንት ስድስት። ጠመኔው ተሰበረ፤ ጎንበስ ብዬ ቁራጩን አነሳሁ። አንድ ነጥብ ዜሮ አራት። አንድን አለፈ! አንድ ነጥብ ሦስት ስምንት። ሁለት ነጥብ አንድ ዘጠኝ። አምስት። ሃያ ስድስት።

«ሸሽቷል!» ብዬ ጮህኩ። «ባለቀለም ነው! ጥቁሩ አጠገብ ነው፤ ለትንሽ ነው ያመለጠው፤ ግን ባለቀለም ነው!»

ሻምበሉ ፎቶግራፉን አዞረልኝ። ጣቱ ያረፈው ልቡ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ጥግ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ በፀጉር ስፋት ወጣ ብሎ፣ ሰማያዊው ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መድፈኛ ነበርኩ» አለኝ። «ቁጥር አውቃለሁ። ቁጥር ይዋሻል ብዬ አላምንም።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፋንታሁን እንዲመለስ አዘዘ። ሲገባ ጥያቄው ካርታ አልነበረም።

«የዚህ ነገር ጠርዝ ርዝመቱ ስንት ነው?»

ፋንታሁን ግራ ገብቶት አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

«ስንት ነው አይባልም» አለ። «በቀረቡት ቁጥር አዲስ ማጠፊያ ይወጣል፤ ያን ሲለኩ ርዝመቱ ይጨምራል። አያልቅም።»

ሻምበሉ ካርታውን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ያንኑ ገደል ያሳየን ጀመር። «እዚህ ላይ ስለካው አንድ ጣት ነው። በአንድ ጣት ልክ ሰው ተሰጠኝ። ሰዎቼን ይዤ ሄጄ ላስይዘው ስል ግን አንዱን ሸንተረር ጨረስኩ ስል ውስጡ ሌላ ሸንተረር አለ። እሱን ሳስይዝ ደግሞ ሌላ። ሰው አለቀብኝ፤ ገደሉ አላለቀም። ለበላዮቼ ባስረዳ ሰነፍ አሉኝ።» ቀና ብሎ ወንድሜን አየው። «እብድ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ከዚያ ተነሳ። ፊልሙ እሱ ዘንድ እንደሚቀር፣ ፋንታሁን ከእኔ ጋር ሊሄድ እንደሚችል፣ ስለዚህ ቀን ለማንም እንዳንናገር ነገረን። ፋንታሁን ስለ ፊልሙ አልተከራከረም። «ሕጉ ሁለት መስመር ነው» ብሎኛል በኋላ፤ «እሱን ማንም አይወስድብኝም።»

ስንወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ በሸራ የተሸፈነ ሌላ መኪና ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። ሹፌሩ ሻምበሉን ሲያየው «እንሂድ ጓድ ሻምበል?» አለው።

«አጥፋው» አለ ሻምበሉ።

ሞተሩ ጠፋ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፋንታሁንም አጠገቤ ተቀመጠና ሰሌዳው ፊት ሳለሁ ውጭ የሆነውን ነገረኝ። ሃምሳ አለቃው መኪናው አጠገብ አቁሞት፣ በደግነት፣ ትከሻውን ይዞ «ወንድሜ፣ ለቤተሰብህ የምትለው ካለ አሁን ንገረኝ፤ አደርስልሃለሁ» ብሎት ነበር።

በማግስቱ ጎረቤላ ሄድን። እናታችን ልጇን ስማ አልጠግብ አለች። ለምን እንደዘገየ ስትጠይቅ መኪና ተበላሸ አልናት። ፋንታሁን ወር ሳይሞላው ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ዛሬም በሕይወት አለ፤ የልጆች አባት ሆኗል። ሻምበሉን ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። ከጦርነቱ ይትረፍ አይትረፍ የነገረኝ ሰው የለም።

እኔ ግን በሰኞው ክፍል የገባሁት ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ተማሪዎቼን ደብተር አስዘግቼ «አንድ ቁጥር ምረጡ፤ አባዙ፤ ደምሩ፤ የት ይደርሳል?» አልኳቸው። ደወል ተደውሎ ማንም አልተነሳም። ኋላም ራሴ ትምህርቴን ቀጥዬ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ስለዚያ ጠርዝ ሳነብና ሳስተምር ኖርኩ። ይህን የምታነቡ መምህራን ካላችሁ፣ በእጃችሁ ያለውን ነገር አልቋል ብላችሁ ለተማሪ አትስጡ። እኔ አልቋል ብዬ ስሰጥ ነበር፤ ያላለቀ መሆኑን ያወቅኩት የወንድሜ ነፍስ ሰሌዳ ላይ ተንጠልጥላ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «ሒሳብ አዳነው» ይለኛል። በዚህ አልስማማም። ከዚያ ቀን አንድ ዓመት በፊት የጂኦግራፊ መምህራችን ቤት ካርታ ተገኘ ተብሎ በዚያው ዓይነት መኪና ተወስዶ አልተመለሰም። ካርታው የክፍል ማስተማሪያ ነበር፤ ሁላችንም እናውቀው ነበር። የእሱም እውነት ልክ እንደ ወንድሜ እውነት እውነት ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እሱን ማንም ወደ ሰሌዳ አላቀረበውም። ሚስቱ አሁንም ደብረ ብርሃን ናት። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ስለ ወንድሜ ትጠይቀኛለች፤ ደህና ነው እላታለሁ፤ እኔ ግን ስለ ባሏ ሳልጠይቃት እንለያያለን።